ወደ ምሥራቅ የሄደው ተራራ

ወንድሜ የሞተ ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን፣ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ክፍል፣ በር ላይ የተለጠፈው የሐዘን ማስታወቂያ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ከፎቶግራፉ ሥር የድንጋይ ናሙና ቆራጭ ሆኖ ረጅም ዘመን ማገልገሉ፣ ጸባዩ፣ ትዳሩና ልጆቹ ተጠቅሰዋል። መጨረሻው ላይ ግን «በሥራ ዘመኑ አንድም ስህተት ያልተገኘበት» የሚል ሐረግ ገብቶበታል። የጻፉት ወጣቶች በቅርብ የተቀጠሩ ናቸው፤ ለሞተ ሰው እንዲህ ይባላል ብለው ነው እንጂ ሌላ ነገር አላሰቡም። እኔ የዚሁ መሥሪያ ቤት የመዝገብና የናሙና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ያልተጣራ ነገር የያዘ ወረቀት ሲመጣልኝ ለላከው ሰው እመልሰዋለሁ። ያን ማስታወቂያ ግን ለማን ልመልሰው? ቆሜ ሳነበው ፊቴ ጋለ። ወንድሜ ቢያየው ኖሮ የሚያደርገው ነገር ታየኝ፤ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ በጓሮ በር ወጥቶ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ። ጽፌም እሱ ከቆረጣቸው ናሙናዎች ጋር አስቀምጠዋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ምላጭ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሥራ የጀመረው እብነ በረድ ቤት ነው፤ የደረጃ ንጣፍና የወጥ ቤት ጠረጴዛ ሲቆርጥ ጎረመሰ። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ያ ነጭ አቧራ ነው፤ ኋላ ሳምባውን የበላውም እሱ ነው። አንድ ቀን የሥነ ምድር ክፍሉን የእጅ መታጠቢያ ሊገጥም መጣ። ግድግዳው ጠማማ ስለነበር የእብነ በረዱ ሰሌዳ አልገባ አለ። ወንድሜ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን ካየ በኋላ የሰሌዳውን ጠርዝ ልጦ ልጦ ልክክ አደረገው። ያኔ ጠጉራቸው ገና ያልሸበተው ፕሮፌሰር በሩን ተደግፈው ያዩት ነበር። እኚህ ሰው መዶሻ ከእጃቸው ስለማይለይ ተማሪዎቻቸው «አባ መዶሻ» ይሏቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ድንጋይ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ልታሳሳ ትችላለህ?» አሉት።

«ድንጋይ ብርሃን ያሳልፋል እንዴ?»

«ከሳሳ ያሳልፋል።»

«እንግዲያው እሱ እንቢ ካላለ እኔ እንቢ አልልም።»

በዚያው ቀረ።

የሥራውን ነገር ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ ኀፍረቱ አይገባም። ከከተማችን ጀርባ ያሉት ተራሮች እጅግ አሮጌ ከሆነ አለት የተሠሩ ናቸው። አለቱ በጥንት ዘመን ወደ ምድር ሆድ ገብቶ፣ በሙቀትና በጫና ተለውጦ፣ ሳይቀልጥ እንደ ሊጥ ተስቦና ተጣጥፎ የወጣ ነው። ጂኦሎጂስቶቹ ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልጉት፣ ያ ሁሉ ነገር ሲጎተት የላይኛው ክፍል ወዴት እንደሄደ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ወይስ ወደ ምዕራብ? እጥፋቱ አለቱ ወደሄደበት ይጋደላል፤ በደንብ የሚናገሩት ግን በአለቱ ውስጥ የተቀበሩ ጥቃቅን ቀይ ጠጠሮች ናቸው። አለቱ ሲጎተት እነሱ ተሽከርክረው በግራና በቀኝ ቀጭን ጭራ አውጥተዋል። ጭራቸው ወዴት እንደዞረ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለዚያ ግን ድንጋዩ ተቆርጦ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ መፋቅ አለበት።

ችግሩ አንድ ቁራጭ ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው። መንገድ ዳር ቆመን አውቶቡስ ሲያልፍ ብናይ፣ ከወዲህ ላለነው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ማዶ ለቆመ ሰው ያው አውቶቡስ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ ጂኦሎጂስቱ ናሙናውን ከተራራው ከመንቀሉ በፊት ሰሜን ወዴት እንደሆነ ድንጋዩ ላይ በቀስት ይሥላል። ቆራጩ ደግሞ ቀስቱን አይቶ ይቆርጥና፣ ከደቡብ በኩል ሲታይ በስተቀኝ ከላይ የሚውለውን ማዕዘን በመጋዙ ትንሽ ይሸርፈዋል። ቀስቱ ያለበት ልጣጭ ተቆርጦ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ አቅጣጫውን የሚያውቀው በዚያች ሽርፍ ብቻ ነው።

ወንድሜ ይህን ሲያደርግ አያስብም ነበር፤ እጁ ያውቀዋል። እንዲያውም እየቆረጠ ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ጋር ስለ እግር ኳስ ይከራከራል። አንድ ቁራጭ ሰንጥቆ ወይም አወፍሮ መልሶ አያውቅም። በሌላ ከተማ ያሉ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ድንጋያቸውን ለእሱ ይልኩ ነበር። ምስጋና ይወድ እንደነበር መደበቅ አይገባኝም። ሰው ሲያሞግሰው «ኧረ ተው» ይልና እስኪደግሙለት ይጠብቃል።

«ፌንጣ» የምንላት ወጣት ጂኦሎጂስት የመጣችው የወንድሜ ጠጉር ከአቧራው ጋር መመሳሰል በጀመረበት ጊዜ ነው። ከአለት አለት ስትዘል ያያት ሰው ስሙ የወጣላት ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ለመመረቂያ ጥናቷ የመረጠችው ያንን የቆየ ጥያቄ ነበር። አባ መዶሻ በወጣትነታቸው የተራራው የላይኛ ክፍል ወደ ምዕራብ እንደሄደ ጽፈዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ደግሟል። ፌንጣ ግን በጥቃቅኖቹ ጠጠሮች አንድ በአንድ ልታረጋግጠው ፈለገች። ተራራ ላይ ከርማ፣ ናሙናዋን በጆንያ እያስጫነች መጥታ ለወንድሜ ታስረክባለች።

«ጋሽ ምላጭ፣ እነዚህ ልጆቼ ናቸው፤ አደራ!»

«ልጆችሽ ይከብዳሉ እኮ። ምን እያበላሻቸው ነው?»

«ብረት!»

«ግድ የለም፣ እኔ አከሳቸዋለሁ።»

በዚያው ዓመት አሮጌው መጋዝ ተሰብሮ አዲስ ተገዛ። አዲሱ ፈጣንና ድምፅ የማያበዛ ነበር፤ ወንድሜ ማታ ሸፍኖት ነበር የሚሄደው። ከአሮጌው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ድንጋዩን ጨምድዶ የሚይዘው መያዣ በአሮጌው ላይ በቀኝ ነበር፤ በአዲሱ ላይ በግራ ነው። በአሮጌው የተቆረጠ ሰሌዳ ከደቡብ የሚታየው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይወድቃል። በአዲሱ ተገልብጦ ይወድቃል። የወንድሜ እጅ ይህን አልሰማም። የወደቀውን እንደ ልማዱ ያነሳል፣ እንደ ልማዱ በስተቀኝ ከላይ ይሸርፋል፣ እንደ ልማዱ ይለጥፋል፤ ስለ እግር ኳስም ይከራከራል። በዚያን ጊዜ ከሌሎች የሚመጡት ድንጋዮች ማዕድናቸው ብቻ የሚታይ ስለነበር ግራና ቀኛቸው ለማንም ቁም ነገር አልነበረም። አቅጣጫ የሚያስፈልገው የፌንጣ ብቻ ነበር።

ቁራጮቹን በማይክሮስኮፕ አይታ የጨረሰች ቀን ወደ መቁረጫ ክፍሉ እየሮጠች ገባች። እኔ የናሙና ሳጥን ልረከብ እዚያው ነበርኩ።

«ጋሽ ምላጭ፣ ምሥራቅ ነው! ሁሉም ወደ ምሥራቅ!»

«ምኑ?»

«ተራራው ነዋ! የሚጣረስ አንድ እንኳ የለም። ይታይህ፣ መስክ ላይ ሳለሁ በዓይኔ ያየሁት ወደ ምዕራብ ነበር። እሱን ሁሉ ሰረዝኩት።»

«ለምን ትሰርዢዋለሽ?»

«ፀሐይና ዝናብ የበላው አለት ያሳስታላ። አንተ የቆረጥከው አያሳስትም። ዓይኔን ትቼ እጅህን አመንኩ።»

«ኧረ ተይ» አላት።

ደገመችለት።

ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ቀን ሲቃረብ፣ ለሚመጡት እንግዶች ኮሪደሩን እንዲያሳምር ወንድሜ ታዘዘ። ከፌንጣ ናሙናዎች ትልቁን፣ ቆንጆ እጥፋት ያለበትን፣ በሰሌዳ መልክ ቆርጦ ሁለቱንም ገጽ እንደ መስታወት አወለወለው። ከጎኑ የሚሰቀለው፣ ድንጋዩ ገና ከተራራው ሳይነቀል በስተደቡብ ቆማ ያነሳችው ትልቅ ፎቶግራፍ ነበር። ሁለቱን ግድግዳው ሥር አስደግፎ ሊያስተያያቸው ጎንበስ አለ። ፎቶግራፉ ላይ እጥፋቱ ልክ እንደደከመው ሰው ወደ ግራ ጋደል ብሏል። ሰሌዳው ላይ የጋደለው ወደ ቀኝ ነው።

ሽርፏን አያት። በስተቀኝ ከላይ ናት፤ እሱ ባስቀመጣት ቦታ። ሰሌዳውን አዙሮ በጀርባው አየው። አሁን እጥፋቱ ከፎቶግራፉ ጋር ገጠመ፤ ሽርፏ ግን ወደ ግራ ዞረች። ተነስቶ ወደ ማሽኑ ሄደና መያዣውን በመዳፉ ዳሰሰው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ኋላ ነው። «እታለም፣ መያዣው በግራ እንደሆነ ልብ ያልኩት ያኔ ነው» አለኝ።

ፌንጣ አታውቅም። በሚመጣው ሳምንት የዕድሜ ልክ ሥራዋ በሚወሰንበት ጉባኤ ፊት ቆማ፣ ተራራው ወደ ምሥራቅ ሄደ ልትል ነው። ከዚያ በፊት ሊነግራት ይገባል። ይህ ለእሱ የማይገባ ነገር አልነበረም፤ በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ ወደ ቢሮዋ ሄደ። ወለሉ ላይ ወረቀት ዘርግታ፣ ጫማዋን አውልቃ በመካከሉ ተንበርክካለች።

«ጋሽ ምላጭ! ና ግባ፣ እንዳትረግጥብኝ ብቻ። ይኸውልህ፣ ምስጋናው ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት አንተን ነው። ከእናቴም በፊት። እናቴ ብታይ ትገድለኛለች።»

«ያ... መስክ ላይ ያየሽው ነገር» አላት፤ «ምናልባት እሱም እኮ...»

«አትጀምረኝ! አባ መዶሻም እሱኑ ይዘው ሲነዘንዙኝ ነው የሰነበቱት። አንተም ከእሳቸው ጋር ሆንክ?»

«ኧረ እኔ ከማንም አይደለሁም።»

«በል፣ ፊት ወንበር ይዤልሃለሁ። ከረባት አድርገህ ና።»

ከረባት እንደሌለው እንኳ አልነገራትም። ወጣ። ወደ ኮሪደሩ ተመልሶ ፎቶግራፉን ጠቅልሎ ለእኔ አመጣልኝ።

«ይኼን አስቀምጪው።»

«አይሰቀልም እንዴ? ተበላሸ?»

«ብርሃን ያንጸባርቅበታል። አያምርም።»

ቁጥር ሰጥቼ በትልልቅ ሥዕሎች መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። እሱም ሰሌዳውን ብቻውን ሰቀለ። የመጋዙ ነገር ልማድ ነው፣ ማንንም ይጥላል። ፎቶግራፉን ያወረደችው እጅ ግን የምታደርገውን ታውቅ ነበር። ወንድሜ እስኪሞት ድረስ ፊቱን ያቀላው ይህ ነው።

በዚያ እሑድ ለምሳ እሱ ቤት ነበርኩ። ሳህኑ ፊቱ ቀዝቅዞ መዳፉን እያገላበጠ ያያል። ባለቤቱ ታዘበችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ጠፋብህ? ቀለበት ነው?»

«ቀለበት መቼ አድርጌ አውቃለሁ? መጋዝ ይጎትተዋል።»

«እኮ! የሌለህን ነገር ነው የምትፈልገው?»

ልጆቹ ሳቁ። እሱም እንደ መሳቅ አለ። ስወጣ እስከ በር ሸኘኝና የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ተጠንቀቂ» ብቻ አለኝ። መንገዱ ደረቅ ነበር።

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ወንድሜ ከጎረቤት ከረባት ተውሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እኔ አጠገቡ ነኝ። ፌንጣ ጥሩ አድርጋ አቀረበች። ቀይ ጠጠሮቹ በግድግዳው ላይ በዝተው፣ ሁሉም ጭራቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረው ታዩ። ስትጨርስ ከፈታኞቹ ወገን አባ መዶሻ ተነሱ።

«ልጄ፣ እኔ ያረጀሁት ከዚህ ተራራ ጋር ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄድ አለማየቴ ገረመኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆን?»

ሰው ሳቀ። ፌንጣ ፊቷ ደም መሰለ።

«ፕሮፌሰር፣ ናሙናዎቹን የቆረጠው ጋሽ ምላጭ ነው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው።»

«ምላጭ ከቆረጠውማ...» አሉና ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ፣ ሽርፎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው?»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ወንድሜን አየ። ጣቱን ከረባቱ ሥር አስገባ፤ አንቆት ነው ብዬ አሰብኩ። ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጊዜ፣ ወደ ታች ብቻ፣ አንገቱ መልሶ ሳይቀና።

«እንግዲያው ነገ ተራራውን ራሱን ሄደን እንጠይቀዋለን» አሉ አባ መዶሻ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወጣን። ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ እያየው «ምላጭ፣ ቡድንህ አሸንፎ ዝም? ታመሃል እንዴ?» ቢለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መኪናው ከቆመበት በእግር ወጥተን፣ ትልቁ ናሙና ወደ ተነቀለበት ቦታ ደረስን። አለቱ ላይ ድንጋዩ የወጣበት ጉድጓድ እንደ ተነቀለ ጥርስ ሥፍራ ክፍት ነው። ከጉድጓዱ በግራና በቀኝ እጥፋቱ ይቀጥላል። በስተደቡብ ቆመን ነው የምናየው፤ እጥፋቱ ወደ ግራ፣ ወደ ምዕራብ ጋድሏል። ለማየት ዩኒቨርሲቲ መማር አያስፈልግም ነበር።

ፌንጣ መዳፏን አለቱ ላይ አሳረፈች።

አባ መዶሻ ቀልዳቸውን ትተው ነበር። «ምን ታያለሽ?» አሏት ቀስ ብለው።

«ምዕራብ።»

«ቁራጮቹስ?»

«እነሱ ምሥራቅ ይላሉ። ጋሽ ምላጭ ደግሞ አይሳሳትም። ስለዚህ...» ኮምፓሷን ከኪሷ አወጣች። «ቀስቱን ስሥል ሰሜንና ደቡብን አቀያይሬ መሆን አለበት። በሁሉም ላይ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰሜንን ከደቡብ የማይለይ ጂኦሎጂስት! ከፈታኞቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው የጫማውን ጭቃ ማራገፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ናሙናዋን ማን ያምንላታል? የጥናቷ ነገር እዚያው ተራራ ላይ ማለቁ ነበር። ኮምፓሷን ከፍታ ሰሜንን እንደገና ስትፈልግ አሁንም ይታየኛል።

ወንድሜ ከሁሉ ኋላ ነበር። ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት ወጣ።

«የሷ አይደለም። የኔ ነው። ገልብጬ ነው የለጠፍኩት።»

አባ መዶሻ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ጨዋ ሰው ነህ። ግን እንዲህ አይደረግም፤ ልጅቷ ከስህተቷ ትማር።»

«የኔ ነው እያልኩ!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።»

ሌሎቹም ፈገግ አሉ። አንዲት እንግዳ ለጓደኛዋ «ወይ ደግነት! እንዲህ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል?» ስትል ሰማኋት። ወንድሜ ብዙ የተመሰገነ ሰው ነው፤ ምስጋና እንደዚያ ሲያቃጥለው ግን አላየሁም። የሚያምነው ሰው ፍለጋ ዞር ዞር ካለ በኋላ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«እታለም፣ ያ ፎቶ የት ነው ያለው?»

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። «መሳቢያ ውስጥ» አልኩት።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉም በኮሪደሩ ተሰበሰቡ። ፎቶግራፉን አውጥቼ ሰጠሁት፤ በራሱ እጅ ከሰሌዳው ጎን ያዘው። ከዚያ ወደ መቁረጫ ክፍሉ አስገባቸውና፣ ቀስቱ ገና ያልተቆረጠለትን የፌንጣን ትርፍ ናሙና አንስቶ በሁሉም ፊት ቆረጠው። ሰሌዳው ሲወድቅ «ይኸው፣ እንዲህ ነው የማነሳው» አለ። እጁ እንደ ልማዷ አነሳችው። ተገልብጦ ነበር። አባ መዶሻ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉትና መልሰው አደረጉት።

ወንድሜ እዚያ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር፤ ከዚህ በላይ የጠየቀው አልነበረም። «ፎቶውንም ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ካወቅኩ ሰንብቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ ስትጠይቁኝም አውቅ ነበር።»

ይህን ሲል የሚያየው የማንንም ፊት አልነበረም፤ ከመጋዙ ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ ነበር። ሰዎቹ እርስ በርስ ሳይተያዩ አንድ በአንድ ወጡ። ፌንጣ ብቻ ቀረች። እኔም ሳጥኖቹ መካከል ስለነበርኩ መውጣት አልቻልኩም።

«የማሽኑስ ይሁን» አለችው። «በማሽን ማንም ይሳሳታል። ትናንት ራስዎን ሲነቀንቁ ግን አይቻለሁ።»

ከዚያ በፊት «እርስዎ» ብላው አታውቅም። አቧራው የሚለቅ ይመስል ሽርጡን ማራገፍ ያዘ፤ እሷም ጥቂት ጠብቃው ሄደች።

ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት የተገለበጡ ስለነበሩ እንደገና መቁረጥ አላስፈለገም፤ ንባቡን መገልበጥ ብቻ በቃ። ጥናቷ አለፈላት። ተራራው እንደ ቀድሞው ወደ ምዕራብ ሄደ። ያ መቁረጫ ክፍሉን ያንቀጠቀጠ ደስታዋ ግን ተመልሶ አልመጣም፤ ትክክለኛና አዲስ ነገር የሌለበት ጥናት ይዛ ተመረቀች። ወንድሜን የቀጣው የለም። አለቆቹ «ማሽን ነው፣ ይታለፍ» አሉ። አባ መዶሻ ብቻ ደረጃ ላይ ሲያገኙት ቆም ብለው «ለካ ሰው ነህ» አሉት። ማጽናናታቸው ነበር። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በሌላኛው ደረጃ ይወጣ ነበር።

መያዣው ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ቀስት ሣለ። እየቆረጠ ማውራቱን ተወ። ሾፌሩ ለተወሰነ ጊዜ የኳስ ወሬውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ መልስ ሲያጣ ቀረ። ክፍሉ የመጋዝ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ሆነ። ሰው ሥራውን ሲያደንቅለት «ኧረ ተው» ማለቱን አልተወም፤ አሁን ግን እስኪደግሙለት አይጠብቅም፣ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ይገባል።

ፌንጣ እዚያው መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ድንጋይ ስታመጣ በሁለቱም ፊት ላይ ቀስት ሥላ ታመጣለች፤ ከዚያ ማሽኑ አጠገብ ቆማ፣ ሲቆረጥ፣ ሲሸረፍና ሲለጠፍ አይታ ትሄዳለች። «እንዴት አደሩ» ትላለች። «ይመስገን» ይላታል። ሌላ ቃል የለም። አንድም ክፉ ነገር ተናግራው አታውቅም። ይህ ለዓመታት እንዲሁ ቀጠለ። አዲስ የሚቀጠሩት ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ «እንዴት ይዋደዳሉ!» ይሉኝ ነበር። ምን እመልሳለሁ? «አዎ» እላለሁ። ምናልባትም ውሸት አልነበረም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል፣ ሳሉም ከጀመረው በኋላ፣ ጠየቅኩት። «ወንድም ጋሼ፣ ቆማ ስታይህ አይከብድህም?»

«ይከብደኛል።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም? አሁን እኮ ረስታው ይሆናል፤ በልማድ ነው የምትቆመው።»

«በልማድማ አይሆንም» አለኝ። «በልማድ የሚሆነውን አይተናል።»

የመጨረሻው ናሙና የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። ፌንጣ ያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ሆናለች፤ ከድንጋይ ይልቅ በስብሰባ ነው የምትውለው። ከዚያው ተራራ የመጣ ናሙና ይዛ ገባች፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ሰዓቷን አየች። እኔ መደርደሪያው ጋ ነበርኩ።

«ስብሰባ አለብኝ» አለች። ትንሽ አመነታች። «ጋሽ ምላጭ፣ ስትጨርስ ጥራኝ።»

ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ ቀን ወዲህ «አንተ» ብላው፣ ሳታይ ልትሄድ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ስንት ዘመን የጠበቀው ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ድንጋዩን አንስቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው።

«አይ፣ ፌንጣ። ቁሚ።»

«ኧረ ይጠብቁኛል፣ ሰዎቹ...»

«ይጠብቁ። ቁሚና እዪኝ።»

ቆማ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጥላ መጣችና፣ በግራ በኩል፣ መያዣው ጋ፣ የዘወትር ቦታዋን ያዘች። ወንድሜ ሽርጡን አጥብቆ አሰረ። ያ ሽርጥ አሁንም በዚያው ማንጠልጠያ ላይ አለ፤ ማንም እንዲያወርደው አልፈቅድም። ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ቀስቱን በጣቱ ተከተለ።

«ሰሜን ወዲያ» አለ ጮክ ብሎ።

«ሰሜን ወዲያ» አለች።

«ላይ በዚህ።»

«በዚህ።»

ውኃውን ከፈተ። መጋዙ ተነሳ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሌዳው በየትኛው ፊቱ እንደሚወድቅ ይጠብቁ ጀመር።